«እንኳን ቀረሽ» የሚል የፍቅር ግጥም እንዴት ይነበባል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት አብሮኝ የቆየ ልጅ ባለፈው ጥምቀት ቀጥሮኝ ሳልሄድ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። ሰሞኑን በቴሌግራም ግጥም ላከልኝ። ከግጥሙ ሌላ ሰላምታ እንኳ የለውም። ታላቅ እህቴ ‹ገላገልሽኝ እያለሽ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ› አለችኝ። ጓደኛዬ ‹ሰምና ወርቅ ነው፤ ዋርካው እናቱ ናት፣ ሎሚው ደግሞ ሌላ ሴት ናት› ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ‹ምጸት ነው፣ እያላገጠብሽ ነው› አለኝ። ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ይወደኛል ወይስ ይሰድበኛል? ምን ብዬ ልመልስለት?»

ግጥሙ ይሄ ነው፦

እንኳን ቀረሽ ያኔ፣ እንኳንም አልመጣሽ፣
ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ ፀሐይ ባንገላታሽ።
እኔም መች ጠበቅኩሽ፣ ከዋርካው ሥር ቆሜ፣
ጥላው ሲዞር ብቻ፣ ዞርኩኝ እንደ አቅሜ።
ሎሚውንም ጣልኩት፣ ምን ያደርጋል ብዬ፣
ደርቆ እስኪንኳኳ፣ በኪሴ አዝዬ።
እኔ ምን ቸገረኝ፣ የፋሲል መዋኛ፣
ለአንድ ቀን ውኃ ብዬ፣ ዓመት የምተኛ።
ከርሞ ጥር ሲመጣ፣ እንዳትመጪ አደራ፤
እዚያው ነኝ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን እናስተካክለው። «ይወደኛል ወይስ ይሰድበኛል?» ብለሽ ከሁለት አንዱን እንድመርጥልሽ ነው የፈለግሽው። ግጥሙ እንዲህ አልተሠራም። እዚህ ውስጥ የሚናገረው ሰው ተቀይሟል። ይወዳልም። ሁለቱ በአንድ ስንኝ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። ቅያሜውን ብቻ ያየ ሰው እንደ እህትሽ ይፈርዳል። ፍቅሩን ብቻ ያየ ደግሞ ቅያሜውን ይረሳና በኋላ ይደነግጣል። ሦስቱም መካሪዎችሽ አንዳንድ እውነት ይዘዋል። ግን ግጥሙን ሳይጨርሱ ፈርደዋል።

ከጓደኛሽ ልጀምር። የእሷ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። እኛ ጎንደሮች ግጥም ባየን ቁጥር «ወርቁ የታለ?» እንላለን። ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ አገር ነውና አይፈረድብንም። ግን ሰምና ወርቅ ማለት ጠለቅ ያለ ትርጉም ያለው ነገር ሁሉ ማለት አይደለም። የራሱ አሠራር አለው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ላይ ላዩን የሚታየው ሰሙ ነው፣ የተፈለገው ወርቁ ነው። ኅብር በሚባለው ዓይነት ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቃል አለ። ያ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፣ ወይም ሲከፍሉት ሌላ ይሆናል። አንድ ሰው «ብርዱ ገደለኝ፣ ልብስ አንቺ ጋ ነው» ቢልሽ ሰሙ ጋቢ ወይም ኮት ነው። ቃሉን ስትከፍይው ግን «ልብ» ላይ «ስ» የተቀጠለች ናት። «ልብማ አንቺ ጋ ነው» ማለቱ ነው። ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ግን «ብ» ለልብ ትጠብቃለች። ጎበዝ አዝማሪ ሲያዜመው ሁለቱንም ያሰማሻል።

በዚህ ግጥም ውስጥ እንዲህ የሚከፈል ቃል የለም። ፈልጌያለሁ። ያለው ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ተለዋጭ ዘይቤ አንዱን ነገር በሌላው ስም ይጠራና «እስኪ በዚህ በኩል እየኝ» ይላል። «የፋሲል መዋኛ ነኝ» ሲልሽ የሸሸገው ነገር የለም፤ ቁጭ አድርጎ አሳይቶሻል። ስለዚህ ያንቺ ሥራ የተቀበረ ነገር መቆፈር ሳይሆን ያሳየሽን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ከአሁኖቹ የፍቅር ግጥሞች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ወርቅ ፍለጋ ስትሮጪ ፊትሽ ያለውን ታልፊዋለሽ።

አንድ ፍቺ ይሁን አይሁን የምትፈትኝበት ቀላል መንገድ አለ። ፍቺውን ወደ ስንኙ መልሰሽ አስገቢውና አንብቢ። «ዋርካ» አንዳንዴ ትልቅ ሰው፣ የቤተሰብ መከታ ማለት ይሆናል። «ትልቁ ዋርካ ወደቀ» ሲባል ሁላችንም ይገባናል። ጓደኛሽ «እናቱ ናት» ያለችው ከዚያ ተነስታ ነው። አሁን ግን አስገቢው፦ «ከእናቴ ሥር ቆሜ፣ ጥላዋ ሲዞር ዞርኩ።» አይሆንም፤ ፈረሰ። ሎሚውን «ሌላ ሴት» ብለሽ አስገቢው፦ «ደርቃ እስክትንኳኳ በኪሴ አዝዬ።» እሱም ፈረሰ። ሌላ ሴት የምትባል እዚህ የለችም፤ በእሷ እንቅልፍ አትጪ።

ይህን ስል ግጥም አንድ ፍቺ ብቻ አለው ማለቴ አይደለም። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ የላይ ቤት በሚባለው ወገንም የታች ቤት በሚባለውም፣ የቆመው «አንድም» በምትል ቃል ላይ ነው። መምህሩ አንድ ፍቺ ይሰጣል። «አንድም» ይልና ሌላ ይጨምራል። አሁንም «አንድም» ይላል። ግን «አንድም» የመጣልንን ሁሉ እንድንል ፈቃድ አይሰጠንም። እያንዳንዱ ፍቺ ከንባቡ ጋር መግጠም አለበት። ንባቡ ሳይጠራ ወደ ትርጓሜ የሚሮጥ ተማሪ ይመለሳል። ለፍቅር ግጥምም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ንባቡ፣ ከዚያ ፍቺው፣ ከዚያ «አንድም»።

እንግዲህ ወደ መዋኛው እንሂድ። የግጥሙ ልብ እሱ ነው። ባልደረባሽ ለምን ምጸቱን ወደ ስድብ እንደወሰደው ገምቻለሁ። «ምን ቸገረኝ» የሚለውን አይቶ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። «ምን ቸገረኝ» ያለው ሰው ራሱን ማን እንደሆነ ወዲያው ይናገራል። የፋሲል መዋኛ ነው። ይህን ለመረዳት መዋኛውን ከጥምቀት ውጪ ማየት ያስፈልጋል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ፎቶው በየቦታው አለ። ፎቶው ላይ ግን የሚታየው የአንድ ሰሞን መዋኛ ነው፤ ውኃው ሞልቶ፣ ወጣቱ ከግንቡ እየዘለለ። አንቺ የጎንደር ልጅ ነሽ፤ ሌላውን ታውቂዋለሽ። በመጋቢት ብትሄጂ ባዶ ነው። በግንቦትም ባዶ ነው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ ይዞታል። ፀጥታ ነው። ጥር ሲቃረብ ከቀሐ ወንዝ ውኃ ይለቀቅበታል፣ ቀስ እያለ ይሞላል። «ከተራ» የሚለው ቃል ራሱ ውኃ ከመከተር፣ ከመገደብ የመጣ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ጠዋት ውኃው ይባረካል፣ ሕዝቡ ይገባል። ከዚያ ይደርቃል። ደግሞ ዓመት።

አሁን ስንኙን መልሰሽ አንብቢው፦ «ለአንድ ቀን ውኃ ብዬ፣ ዓመት የምተኛ።» ባዶነቱን ለአንቺ አልሰጠሽም፤ ባዶው እሱ ነው። አንቺ ውኃው ነሽ። እንዲያውም «ደረቅሁ» አላለም፤ «የምተኛ» ነው ያለው። የደረቀ ነገር አልቆለታል፣ የተኛ ግን ይነቃል። ገጣሚው «ዓመት የምደርቅ» ብሎ ሌላ ቤት መፈለግ ይችል ነበር። መተኛትን መርጧል። ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሠራው የሚባል መዋኛ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይሞላል። ያ ሁሉ ትዕግሥት በአንዲት ቃል ተሰጥቶሻል። ራሱን ለዚህ መዋኛ የሰጠ ሰው «ምን ቸገረኝ» ሲል እንዴት ይታመናል?

ምጸት የምንለው ይሄ ነው። አፍ አንድ ይላል፣ የተፈለገው ተቃራኒው ነው። ተናጋሪውም ተቃርኖውን ሰሚው እንዲያየው ይፈልጋል። ውሸት ተቃርኖውን ይደብቃል። ምጸት ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። እኛ ጋ ይሄ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። የኩርፊያ ቋንቋችን ነው። ልጅ ሆኜ አዘዞ ሳለን አንድ ቀን ኳስ ስጫወት አመሸሁ። ስገባ እናቴ ቀና ብላም አላየችኝ። «እንኳንም አልመጣህ! እራትህን ለውሻ ሰጠሁት» አለች። ውሻ አልነበረንም። መሶቡን ስከፍት እንጀራው ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሽሮው ከፍሙ ዳር ሆኖ ክዳን ተደፍቶበታል። ሲነኩት ያቃጥላል። ያን ማታ እናቴ የተናገረችው በአፏ ብቻ አልነበረም። ምጸትን እስከ ዛሬ የምለየው በዚህ ነው፤ ትልቁን ንግግር የሚያፈርስ ትንሽ ነገር አጠገቡ ሲገኝ። ትንሿን ነገር ካላገኘሁ «ምጸት ነው» አልልም።

በዚህ ግጥም ውስጥ ትንንሾቹን ነገሮች እንያቸው። «እኔም መች ጠበቅኩሽ» ይላል። ወዲያው «ከዋርካው ሥር ቆሜ»። የቆመ ሰው ጠብቋል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይብሳል፦ «ጥላው ሲዞር ብቻ፣ ዞርኩኝ እንደ አቅሜ።» ይህን ስንኝ ቀስ ብለሽ እዪው። ጥላ በአምስት ደቂቃ አይዞርም። ጠዋት ወደ ምዕራብ የተኛ ጥላ ወደ ምሥራቅ የሚዞረው ቀኑ ሲጋመስና ሲያዘነብል ነው። ልጁ ከፀሐይ ለመሸሽ ከጥላው ጋር እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ዋርካውን ዞሮታል። ስንት ሰዓት እንደቆመ አልነገረሽም። ጥላውን አሳየሽ፣ አንቺ ቁጠሪው ብሎ። «ብቻ» የምትለዋንም ተመልከቺ። «ይሄን ብቻ ነው ያደረግሁት» እያለ ነው፣ ሙሉ ቀን ቆሞ። «እንደ አቅሜ» ደግሞ ለችግረኛ ስናዋጣ የምንላት ናት። «እንደ አቅሜ ነው» ብለን እጃችንን እንዘረጋለን። እሱም ያለውን አዋጣ፤ መቆሙን።

ዋርካው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። የጎንደር ሰው «ዋርካው» ብሎ ዝም ሲል ግን አእምሯችን ወደ ጃንተከል ዋርካ ይሄዳል። ምናልባት የተቀጣጠራችሁት እዚያ ይሆናል። ያን የምታውቁት ሁለታችሁ ናችሁ።

ሎሚው ላይም ትንሽ እንቆይ። በጥምቀት ወንዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ መወርወሩን ላንቺ አላስተምርሽም። ስለዚህ ሎሚው ያልተወረወረ ጥያቄ ነው። «ጣልኩት» ይላል። መቼ? «ደርቆ እስኪንኳኳ» ከያዘው በኋላ። እርጥብ ሎሚ አይንኳኳም። ወራት ፈጅቶ፣ ቆዳው እንደ እንጨት ጠንክሮ፣ ፍሬው ውስጡ ሲላቀቅ ነው ድምፅ የሚሰጠው። በተራመደ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማዋል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን «አዝዬ» የምትለዋን ቃል ያዢ። ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ይያዛል፣ ይቀመጣል፣ ይከተታል። የሚታዘል ግን ልጅ ነው። ከባድ ነገርም ይታዘላል። አንድ ሎሚ እንደ ልጅ ታዘለ፤ አንድም፣ አንድ ሎሚ እንደ ሸክም ከበደ። ሁለቱም ከንባቡ ጋር ይገጥማሉ። እኔ ሁለቱንም እወስዳለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን። ለጥምቀት ያልሆነው ሎሚ ግን አልተጣለም፣ ታዘለ።

ባልደረባሽ ትክክል የሆነው «ምጸት ነው» ሲል ነው። የተሳሳተው «እያላገጠብሽ ነው» ሲል ነው። ምጸት ሁሉ ማላገጥ አይደለም። ለመለየት አንድ ነገር ጠይቂ፦ ንክሻው የሚያርፈው በማን ላይ ነው? አሽሙር ሰሚውን ይነክሳል። ስላቅ ሰሚውን ሰው ፊት ያዋርዳል። እዚህ ግን ስንኝ በስንኝ ብትሄጂ፣ ቆሞ የቀረው እሱ ነው፣ ሎሚ አዝሎ የዞረው እሱ ነው፣ ባዶ የሆነው እሱ ነው። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባላል። የሚያርረው ራሱ ነው።

አንዲት ቦታ ላይ ግን ነካ አድርጎሻል። «ፀሐይ ባንገላታሽ» የሚለው ላይ። መቼም ተቆርቋሪ ይመስላል፤ ነውም። ግን «እኔ ቀኑን ሙሉ የታገልኩትን ፀሐይ አንቺ ለአፍታ እንኳ አልቻልሽውም» የሚል ወቀሳም አለበት። ይህችን አትለፊያት። ቅያሜው ያለው እዚህ ነው፤ እውነተኛ ቅያሜም ነው። እህትሽ ያሸተተችው ይህን ይመስለኛል። እሷ ቃሉን እንዳለ አነበበችው፣ «እንኳን ቀረሽ» የሚለውን «እንኳን ቀረሽ» ብላ። ይሄ ሞኝነት አይደለም። ምጸት የሚሠራው መጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ስንሰማውና ሲያመን ነው። ጉድለቷ አሥሩን ስንኝ በመጀመሪያው መዳኘቷ ነው።

አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው። በዓይን ብቻ ያነበብሽው ከሆነ ገና ግማሹን ነው ያገኘሽው። ግጥሙ በወል ቤት ምት ይሄዳል፤ ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል)፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። አንዳንዱ ቦታ አንድ ቀለም ይጨምራል፣ ችግር የለውም። ስንኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት ይመታሉ። መጣሽ፣ ባንገላታሽ። ቆሜ፣ አቅሜ። ብዬ፣ አዝዬ። መዋኛ፣ የምተኛ። ጆሮሽ ለምዶታል። «እንዳትመጪ አደራ» ሲል በ«ራ» የሚያልቅ ጓደኛ ትጠብቂያለሽ። አይመጣም። «እዚያው ነኝ» ይልና ያበቃል። ሁለት ቃል። ቤት አልመታም። «አደራ» ብቻዋን ቆማ ቀረች፣ እንደ ልጁ። ገጣሚው ቤት አጥቶ አይመስለኝም። ስምንት ስንኝ ያለ ችግር ቤት ያስመታ ሰው «ራ» አይቸግረውም። አውቆ ነው የተወው። መጠበቅ ምን እንደሚመስል በጆሮሽ እንድትቀምሺው።

«አደራ» ራሷ አስገራሚ ናት። አደራ የሚባለው ለሚታመን ሰው ነው። ውድ ነገር የምናስቀምጠው እሱ ጋ ነው። «ገላገልሽኝ» የሚል ሰው «አደራ» አይልም። ከዚያ ደግሞ «ነኝ»ን እዪ። «እዚያው እሆናለሁ» አላለም። እሱ ቢሆን ቃል መግባት ነበር። «እዚያው ነኝ» ነው ያለው። አሁንም ከዋርካው ሥር አልተነሳም ማለት ነው። እዚህ ላይ ምጸቱ ያልቃል። ከላይ ያለው ሁሉ ጭምብል ነበር፤ ይህቺ መሥመር ፊቱ ናት።

ንባቡ ይሄን ያህል ነው። አሁን «አንድም» ልበል፣ ለጥንቃቄሽ። «እንዳትመጪ» የሚለው ከምጸትም በታች እውነት ሊሆን ይችላል። መጠበቅን ከምትጠበቀዋ ሴት በላይ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ግጥምም ውስጥ፣ ከግጥም ውጪም። መዋኛው ለአንድ ቀን ውኃ ዓመት ይተኛል። ያምራል። ግን ከአንድ ሰው ጋር ኑሮ ማለት የየካቲት ማክሰኞ፣ የሰኔ ዝናብ፣ የቤት ኪራይ ነው። መዋኛው ለእነዚያ ቀናት ምን እንደሚሆን ግጥሙ አይናገርም። የፍቅር ግጥሞቻችን ናፍቆትን በጣም ያውቃሉ፣ አብሮ መኖርን ግን ጥቂት ነው የሚናገሩት። ይህ ፍቺ ከንባቡ ጋር ስለሚገጥም ልደብቅሽ አልፈልግም። ከመጀመሪያው ይበልጣል ግን አልልም።

ወሰኑንም እወቂ። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ተናጋሪው ነው። የጻፈው ልጅ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ልጁ ሎሚ ይዞ ላይሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ግጥሙ የፍርድ ቤት ቃል አይደለም። «ሎሚው የታለ? አሳየኝ» ብለሽ ብትጠይቂው ግጥሙንም ልጁንም ታሳፍሪያለሽ። እኔም ከግጥሙ ተነስቼ የልጁን ጠባይ ልነግርሽ አልችልም። ግጥሙ የሚነግርሽ ይህን በሚጽፍበት ሰዓት ምን ይሰማው እንደነበረ፣ ወይም ምን እንደሚሰማው እንድታስቢለት እንደፈለገ ነው። ጥሩ ስንኝ የጻፈ ሁሉ ጥሩ ባል አይሆንም። ሁለት ዓመት አብረሽው ቆይተሻል። ጠባዩን የምታውቂው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ የእነሱን ቦታ ለአሥር ስንኝ አትስጪ።

ለምን በቀጥታ «ናፈቅሽኝ» አላለም ብለሽ ሳትጠይቂ አትቀሪም። ይሉኝታ ነው። ቀርተሽበት እሱ መጀመሪያ ቢለምንሽ ራሱን ያረከሰ ይመስለዋል። ምጸት ሁለት መውጫ ይሰጠዋል። ከገባሽ፣ ፍቅሩን ተናግሯል። ካልገባሽ ወይም ከሳቅሽበት፣ «እንኳን ቀረሽ ነው ያልኩት» ብሎ ይሸሻል። ፈሪ አትበዪው። የተጎዳ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። ግን ሁለታችሁም በዚህ ቋንቋ ብቻ ከቀጠላችሁ አትገናኙም። አንቺ በምጸት ትመልሻለሽ፣ እሱ በሌላ ምጸት ይመልሳል፣ ጥር ይደርሳል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። በግጥም አትመልሺለት። ፍቺ ጽፈሽም አትላኪለት፣ የእኔንም ጨምሮ። እህትሽን፣ ጓደኛሽን፣ ባልደረባሽን ደግመሽ አትጠይቂ፤ ሃያ አንደኛ ጊዜም አታንብቢው። ስልኩን አንሺና ደውዪ። ልትተዪው ወስነሽ ከሆነም ደውዪና ንገሪው፤ «እዚያው ነኝ» ያለ ሰው ቆሞ መቅረት የለበትም። ልትመለሺ ከፈለግሽም ከይቅርታው በፊት፣ ከፍቅሩም በፊት አንድ ነገር ንገሪው። ግጥሙን ከላይ እስከ ታች ብታዪው «ለምን» የሚል ቃል የለበትም። ሁሉን ብሏል፣ ፀሐዩን፣ ጥላውን፣ ሎሚውን፣ ውኃውን። ለምን እንደቀረሽ ግን አልጠየቀሽም። መጠየቅ ፈርቷል ብዬ ነው የማምነው። ያን ቀን ለምን እንዳልሄድሽ ለእኔም አልጻፍሽልኝም። ለእሱ ንገሪው።